ተኩላ ብዬ ስላነበብኩት ክንድ

ለክቡር አቶ ፍሌሚንግ ስኮውቦ
የሳንድሃቭን ማዘጋጃ ቤት መዋኛና እንፋሎት ቤት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ብዙ ደክመው ላሳደሱት የገንዳ ውሃ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ የመግቢያ ካርዴን ካገዱብኝ ዕለት ጀምሮ ፍጹም ደረቅ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የተገደድኩት እርስዎን ለመዳፈር ፈልጌ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎን ጸሐፊዎ በትሕትና ትነግረኛለች፤ ጋዜጣውን ግን ጠዋት ጠዋት ከገንዳው ዳር ባለው ካፌ ተቀምጠው ሲያነቡ ከመንገድ ሆኜ በመስኮቱ አይዎታለሁ። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ይኸው ነው ብዬ ነው።

ስሜ ሂሳኮ ሞርተንሰን ይባላል። የተወለድኩት ጃፓን ውስጥ፣ ጀልባ በሚበዛባት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ነው። የመርከብ መካኒክ የነበረው ባለቤቴ ሆልገር በወጣትነቴ ወደ ዴንማርክ ይዞኝ ከመጣ ወዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህችው በሳንድሃቭን የጀልባ ሸራ ስሰፋ ነው። ልጅ አልወለድንም። ሆልገር ካረፈም አምስት ዓመት ሆኖታል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በደብዳቤዎ ላይ «አንዲት የውጭ አገር ደንበኛ» ብለው ስለጠቀሱኝ፣ ለመዝገብዎ ይረዳ እንደሆነ ብዬ ነው።

ስለ ደብዳቤዎ ካነሳሁ ዘንዳ ምስጋናዬን ላቅርብ። ወረቀቱ እጅግ ጥሩ ወረቀት ነው። ከሆልገር ቀብር ወዲህ ከመብራትና ከውሃ ሒሳብ ሌላ በስሜ የመጣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለነበረ፣ ደስ ብሎኝ ሻይ አፍልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ነው የከፈትኩት። በውስጡም በሌሎች ደንበኞች ገላ ላይ ያሉ ጽሑፎችን ትኩር ብሎ ማየት፣ ማንበብና ሳይጠየቁ መተርጎም የደንበኞችን ሰላም የሚነሳ ድርጊት በመሆኑ፣ እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ ወደ መዋኛው እንዳልገባ መታገዴን አነበብኩ። እንግዲህ እርስዎ ነገር በቁጥር ተከፋፍሎ ሲቀርብ እንደሚወዱ ከደብዳቤዎ ስለተረዳሁ፣ እኔም በዚያው መንገድ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

አንደኛ፤ ትኩር ብሎ ስለማየት።

ይህን ክስ ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። አይቻለሁ፤ ትኩር ብዬም አይቻለሁ።

ሆልገር በሕይወት ሳለ ጃፓንኛ ይናገር ነበር። ይናገር ነበር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በየወደቡ የለቃቀማቸውን ጥቂት ቃላት እያገጣጠመ፣ ጨው አቀብዪኝ ለማለት «ጨው ሆይ ነዪ» ይለኝ ነበር። ለምጄው ስለነበር ሳላርመው ኖርኩ። እሱ ሲሞት ግን በዚህች ከተማ ቋንቋዬን እያበላሸም ቢሆን የሚናገር ሰው አልቀረም። እዚያ የነበሩት ዘመዶቼም አንድ ባንድ አልቀው ስልኬ መጮህ አቆመ። በዚያ የብርድ ወራት ነው የሰፈሬ ሐኪም ለጉልበቴ ሙቅ ውሃ ይሻላል ብሎኝ የእርስዎ ደንበኛ የሆንኩት።

በመጀመሪያው ጠዋት ሙቁ ገንዳ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከእንፋሎቱ መሐል የአንዲት ሴት ጀርባ ብቅ አለ፤ በትከሻዋ ላይም የአገሬ ፊደል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ማንም በማያውቅዎት አገር መንገድ ላይ ሲሄዱ ድንገት ስምዎን የጠራ ሰው ያለ ቢመስልዎት እንዴት ዞር እንደሚሉ ያስቡት። እኔም እንደዚያ ዞርኩ። ቀረብ ብዬ አነበብኩት። «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ይላል። ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተቀዳ መሆን አለበት። ሴትዮዋ በኋላ እንደነገረችኝ «የውስጥ ሰላም» ማለት መስሏት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ማየት ሥራዬ ሆነ። ከመዝለያው ሳንቃ ላይ እየተገለባበጠ የሚወረወረው አናጢው ዬስፐር፣ በጀርባው ላይ በተነቀሱት አራት ትልልቅ ፊደላት ስለ ሰማይና ምድር የሚናገር ጥልቅ ጥበብ የተሸከመ ይመስለው ነበር። ሰማይም ምድርም በእርግጥ አሉበት፤ አራቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን በዕቃ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው «አትገልብጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። እሱ በአየር ላይ በተገለበጠ ቁጥር እኔ እስከ አገጬ ውሃ ውስጥ ሆኜ በሳቅ እፈርስ ነበር። ነገር ግን የሳቅኩበትን ለማን ልንገር? ቤት ገብቼ ካፖርቴን ስሰቅል «ሆልገር፣ ዛሬ ምን እንዳየሁ ታውቃለህ» የሚለው ከአፌ ሊወጣ ሲል የሚሰማኝን ነገር፣ በመመሪያዎ ውስጥ አንቀጽ ስላልተመደበለት አልዘረዝረውም።

ለዓመታት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስሕተት ቢሆንም በቋንቋዬ የተጻፈ ስሕተት ነበርና፣ ሌላው ሰው የጠዋት ጋዜጣውን እንደሚጠብቅ እኔ እነሱን እጠብቃቸው ነበር።

ሁለተኛ፤ ሳይጠየቁ ስለመተርጎም።

ይህን ክስ በታላቅ አክብሮት እክዳለሁ። የተናገርኩት ተጠይቄ ነው፤ የጠየቀኝም ቬርነር ቢየሬ ነው። ቬርነርን ያውቁታል፤ አሸዋ በሚያወጣው መርከብ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣው፣ ወደ ገንዳው ሲገባ በር ላይ ጎንበስ የሚለው ረጅሙ ሰው። በእርስዎ መዋኛ ውስጥ ከ«ደህና አደሩ» አልፎ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። ስለ ነፋሱ፣ ስለ እሱም ስለ እኔም ጉልበት፣ የአጃ ዳቦ እንደ ድሮው ስላለመሆኑ እናወራለን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁለታችንም ተነሥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እሱም ብቻውን እንደሚኖር ሳይነግረኝ አውቄአለሁ፤ ወደ ቤቱ ለመሄድ የማይቸኩል ሰው ያስታውቃል።

በግራ ክንዱ ላይ አንዲት ፊደል አለች፤ በእኛ አጻጻፍ አንዷ ፊደል ብቻዋን ሙሉ ቃል ትሆናለች። ከመጀመሪያው ቀን አንብቤአታለሁ፤ «ተኩላ» ትላለች። የመርከብ ሰው ነው፣ ተኩላ ቢነቀስ ምን ይገርማል ብዬ ትቼዋለሁ። እንዲያውም በዚያ ገንዳ ውስጥ ያስነቀሰውን የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ይኸ ነው ብዬ በልቤ አከብረው ነበር።

አንድ ጠዋት ክንዱን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ሳለ ዓይኔን ተከተለና፣ «ታነቢያት የለም እንዴ? ልጄ ናት» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሴት ልጅ ማለት እንደሆነች፣ ለልጁ ለቲልዴ ብሎ እንዳስነቀሳት አስረዳኝ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ መዋሸት እችል ነበር። «አዎ፣ ልጅ ነው የሚለው፤ ደግሞም ያምራል» ብል ኖሮ ዛሬ ካርዴ በእጄ ነበር። ግን ቬርነር ፊቴን እያየ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ቬርነር፣ ይሄ ተኩላ ነው የሚለው።»

ሁለቱ ፊደላት የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ቀኝ ጎናቸው አንድ ነው። በግራ በኩል የሴት ምልክት ከቆመ ሴት ልጅ ይሆናል፤ በዚያው ቦታ የአውሬ ምልክት ከቆመ ተኩላ ይሆናል። ይህንኑ በረጠበ ጣቴ ደረቁ የገንዳ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ አሳየሁት። ቬርነር ውሃው እስኪደርቅና ሁለቱም እስኪጠፉ ድረስ አያቸው። እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደም። «ስለዚህ አንብባው ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ከዚያ ከውሃው ወጣ፤ ፎጣውን እንኳ ሳይወስድ ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮም ወደ መዋኛው አልመጣም።

ለካስ ከእርስዎ በር ወጥቶ በቀጥታ የሄደው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ንቅሳት ቤት ኖሯል። ነቃሹን ያኒክን፣ ደንበኞቹ ተሰልፈው በተቀመጡበት፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይህ ምን እንደሚል ጠየቀው። ያኒክም ልጅ ይላል አለ፤ ቬርነርም ሂሳኮ ተኩላ ይላል አለችኝ አለ። ሳንድሃቭን ውስጥ ወሬ ከነፋስ ይቀድማልና በማግስቱ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ወረፋ ተይዞ ጠበቀኝ። ሰው ትከሻውን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጎድኑን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ዬስፐር የእሱን ሲሰማ እስኪያንቀው ስቆ፣ ወዲያው ሳንቃው ላይ ወጥቶ ለሁሉም እያሳየ ተገለባበጠ። የመድኃኒት ብልቃጧ ሴት «ምክሩስ ክፉ አይደለም» አለች። በትክክል ለተነቀሱት ሁለት ሰዎችም ትክክል እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ያላመኑኝ እነሱ ናቸው። ከውሃው ስወጣ የጠዋት ዋናተኞቹ ካፌ ውስጥ ወንበር ስበው «ነይ እንጂ፣ ከእኛ ጋር ቁጭ በዪ» አሉኝ፤ ዳቦም ቆርሰው ሰጡኝ። በዚያ ቤት ሰው ወንበር ሲስብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው። የደንበኞች ሰላም መታወክ የጀመረው መቼ እንደሆነ በጥንቃቄ ስመረምር፣ ደንበኞቹ እኔን ማነጋገር የጀመሩ ዕለት ሆኖ አገኘሁት። ቅሬታውን ያቀረበውም ከዋናተኞቹ አንዱ ሳይሆን፣ ዋና የማይችለው ነቃሹ ያኒክ መሆኑን ጸሐፊዎ አምልጧት ነገረችኝ። የመዋኛውን ሰላም ከመንገድ ማዶ ላሉ ሰዎች ጭምር ስለሚጠብቁ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ ስለ ስልክዎ።

እግዱ እንደደረሰኝ ነገሩን ባስረዳ ይሻላል ብዬ፣ ሁለቱን ፊደላት ጽፌ ልዩነታቸውን አብራርቼ ላክሁልዎ። እርስዎም ጊዜዎን ሠውተው መለሱልኝ። «ሴት ልጅ» ብዬ የጻፍኩትን ፊደል በስልክዎ አስተርጉመው «እናት» እንዳለዎት፣ ስለዚህም የእኔ ትርጉም አስተማማኝ እንዳልሆነ ገለጹልኝ።

ስልክዎ አልተሳሳተም። ያው ፊደል በቻይና እናት ነው፤ በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ነው። ቃል ባሕር ሲሻገር ትርጉሙ ይለወጣል፤ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እኔም እዚያ የቤት ልጅ ነበርኩ፤ እዚህ የውጭ አገር ደንበኛ ሆኛለሁ።

አራተኛውን ቅሬታ ከመጻፌ በፊት፣ ክቡር ሆይ፣ ቀጥሎ የሆነውን ልንገርዎ። ይህኛው ቁጥር አይበጅለትም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዝናብ መሐል በሬ ተንኳኳ። ተሳስተው የመጡ መስሎኝ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ቬርነር ነው። ግባ አልኩት፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ። ሆልገር ከሞተ ወዲህ በዚያ ደጃፍ ሁለት ጥንድ ጫማ ቆሞ ስለማያውቅ፣ ሻዩን ለማፍላት ስመላለስ ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር።

ቲልዴ በልጅነቷ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች ትወድ እንደነበረ፣ ፊደሎቹን ከመጻሕፍት እየቀዳች እጇ ላይ ስትጽፍ ውላ እናቷ በሳሙና ስትፈትጋት ታመሽ እንደነበረ ነገረኝ። እሱና ሚስቱ በክስ ሲፋቱ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ሩቅ ሰሜን ባሕር ላይ ወዳሉት የፋሮ ደሴቶች ሄደች። መጀመሪያ ይደዋወሉ ነበር፤ እያደር ቀነሰ። ያኔ ነው ቬርነር፣ በምትወደው ፊደል ስሟን ሳይሆን እሷን ራሷን በክንዴ ላይ ላኑር ብሎ ያኒክ ዘንድ የሄደው። ያኒክ ከንድፍ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ በስሕተት ከጎኗ ያለችውን ፊደል አንሥቶ ነቀሰለት። ቬርነርም ቁስሉ ሳይደርቅ ፎቶ አንሥቶ «ይኸ ለአንቺ ነው» ብሎ ላከላት። ከልጁ የመጣለት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «ተኩላ»።

«እናቷ ፍርድ ቤት ውስጥ ተኩላ ነው ብላኝ ነበር» አለኝ ቬርነር፣ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ። «የእናቷን ስድብ መለሰችልኝ ብዬ ተቀየምኩ። አልመለስኩላትም። እሷም ዝም አለች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። ለካ አልሰደበችኝም፣ አንብባው ነው።»

ሻይ ደግሜ ቀዳሁለት። ልጅቱም በበኩሏ፣ አባቴ ለአንቺ ነው ብሎ ተኩላ ላከልኝ ብላ እነዚህን ዓመታት ምን ስታስብ እንደኖረች ሁለታችንም አሰብን፤ አልተናገርነውም።

ተኩላውን ይዞ ሊደውልላት እንዳፈረ፣ መጀመሪያ ትክክለኛውን ማስነቀስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። «አንቺ ጻፊው፣ ያኒክ ይንቀሰው። በስልክ የተገኘ ነገር ክንዴ ላይ አላስደርስም» አለ። እሺ አልኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ ብሩሽና ቀለም አውጥቼ ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ከቀኝ ጎኑ አናት ላይ ያለችውን ነጥብ አየሁና ተጠራጠርኩ። ነጥብ አላት? ወይስ የላትም? በነጥብ ጻፍኩት፣ ትክክል መሰለኝ። ያለ ነጥብ ጻፍኩት፣ እሱም ትክክል መሰለኝ። እያየሁት በሄድኩ ቁጥር ፊደል መሆኑ ቀርቶ የተበታተነ እንጨት መሰለኝ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን ፊደል በአገሬ ልጅ ሁሉ ይጽፈዋል። እኔ ረሳሁት። የሚጽፉለት ሰው ሲጠፋ እጅ ይረሳል። ደውዬ «ነጥቧ አለች ወይ» ብዬ የምጠይቀው ሰው በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ አሰብኩ፤ አንድም አልመጣልኝም። በመጨረሻ ሆልገር በወጣትነቱ በየመርከቡ ይዞት ይዞር የነበረውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የኪስ መዝገበ ቃላት ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁ። ነጥቧ አለች። ሰው ክንድ ላይ ዕድሜ ልክ የሚቀር ነገር ልሳሳት ተቃርቤ እንደነበር ሳስብ መዝገበ ቃላቱን ከፊቴ ከፍቼ እያየሁ ደግሜ ጻፍኩት። ፊደሌን እንዳልረሳ ያቆዩኝ የእርስዎ ደንበኞች ትከሻዎች እንደነበሩ ያኔ ገባኝ።

ንቅሳት ቤቱ ስንገባ የያኒክ ፊት በኀፍረት ቀላ። ተናዶ እንደከሰሰኝ፣ ግን የመዋኛ ካርዴን ያስነጥቀኛል ብሎ እንዳላሰበ ተናገረ። ከዚያ የጻፍኩትን ወረቀት ተቀብሎ በአክብሮት ያዘው፤ መጥፎ ሰው አይደለም። የተኩላውን ግማሽ በጥቁር የቅጠል ሥዕል ሸፍኖ ሊያስተካክለው እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ቬርነር ግን ይህን ያህል ዘመን አብሮት የኖረውን እንስሳ እንደማያባርር፣ ልጁን ከሥሩ እንዲጽፍለት ነገረው። ይህን ስሰማ ጣልቃ ገባሁ፤ ሁለቱ ተከታትለው ከቆሙ አንድ ላይ ይነበባሉና «ተኩላዪቱ ልጅ» ይሆናል አልኳቸው።

«እንዲያማ ከሆነ ሌላ አሥር ዓመት ልታኮርፈኝ ነው» አለ ቬርነር፣ ቀኝ ክንዱን እየዘረጋ። «በዚህኛው አድርገው።»

ያኒክ ጽሑፌን ቀድቶ በሚታጠብ ቀለም የቬርነር ቀኝ ክንድ ላይ አተመው። ቬርነርን እጅህን እጠፍ፣ ዘርጋ አልኩት፤ ሲያጥፍ ፊደሏ ወደ ጎን አዘነበለች። ያኒክን ይህን አጥፋና ትንሽ ከፍ አድርገህ አትመው አልኩት። ያኒክ ሳያጉረመርም አጥፍቶ ደግሞ አተመ፤ ያቺንም አስጠፋሁት። በሦስተኛው ቀጥ አለች። መርፌውን ካነሳ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እዚሁ አጠገቤ ይቁሙ፤ ከሳትኩ ይንገሩኝ» አለኝ። ነጥቧን እንዳይረሳ ነገርኩት። ጭረቶቹን እኛ በምንጽፍበት ቅደም ተከተል አንድ ባንድ እየጠራሁለት ነቀሰ። በአገሬ ቋንቋ ለሰው ፊደል ሳስቆጥር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ቬርነር እስኪያልቅ ድረስ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ።

ቬርነር ፎቶውን ያለ አንድ ቃል ላከላት። ስልኩ ገና ከእጁ ሳይወርድ ጮኸ። በማግስቱ እንደነገረኝ፣ የደወለችው ቲልዴ ናት። «ሴት ልጅ ነው የሚለው» አለችው። እሱም «አዎ፣ መጀመሪያም እሱን ነበር ያልኩት» አላት። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ግን ለራሱ እንዳስቀረ ነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለበጋው ወደ ፋሮ ሄደ። እኔው ነኝ የሸኘሁት። የልጅ ልጆች እንዳሉት እዚያ ሲደርስ ነው ያወቀው። በጋው አለቀ፤ ቬርነርም እዚያው ቀረ፤ ቤቱም ተሸጠ። ባለፈው ወር ደውሎ ድምፁ ወጣት ሆኖ ሰማሁት። ቲልዴም ስልኩን ተቀብላ በተሰባበረ ጃፓንኛ አመሰገነችኝ፤ ከተናገረችው ግማሹ ስሕተት ነበር፤ እንዳያልቅ ብዬ አላረምኳትም። በመጨረሻ ቬርነር መዋኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ነው፣ ካርዴ ተመልሶልኝ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ አልኩት። በዚህ ጉዳይ ሁሉ የዋሸሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ አራተኛ።

ያኒክ ቅሬታውን በጽሑፍ መተዉን ነግሮኛል፤ ቅጂውንም አይቻለሁ። እርስዎ ግን የተጀመረ ሂደት በከሳሹ ፈቃድ ብቻ እንደማይቋረጥ መልሰውለታል። ከሳሽ የሌለበት፣ ተበዳይ የሌለበት፣ ተከሳሽ ብቻ ያለበት ጉዳይ ይዞ መጓዝ ቀላል ትዕግሥት አይጠይቅምና አደንቅዎታለሁ። በተወለድኩበት አገር በብዙ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለበት ሰው አይገባም። ይህ ግፍ ነው ብዬ ሁልጊዜ አስብ ነበር። በእርስዎ አስተዳደር ንቅሳት ያለበት ሁሉ ይገባል፤ የማይገባው የሚያነበው ነው። ሥልጣኔ ወዴት እየሄደ እንደሆነ በዕድሜዬ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

ካርዴ ቢመለስልኝ እንዴት እንደምሆን ላረጋግጥልዎ። ማንንም አላይም። መነጽሬን ቤት ትቼ እመጣለሁ፤ ያለ እሱ ከእንፋሎቱ ሌላ የሚታየኝ የለም። ማዕዘኗ ላይ፣ ቬርነር ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ እስከ አገጬ ገብቼ እቀመጣለሁ። የሚያናግረኝ ቢኖር እመልሳለሁ፤ ባይኖርም የሰው ድምፅ በውሃ ላይ ሲያስተጋባ መስማት ለእኔ በቂ ነው። ቤቴ ውስጥ የሚያስተጋባው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሂደትዎ ፍጻሜ፣ ለስብሰባዎችዎም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥና ደረቅ ደንበኛ፣
ሂሳኮ ሞርተንሰን
ሳንድሃቭን

ማሳሰቢያ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከንቲባው በተገኙበት የሚመረቀውን አዲሱን የጃፓን ሙቅ ክፍል ከመንገድ ሆኜ አይቼ ደስ ብሎኛል። ከበሩ በላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈበት የሚያምር የእንጨት ሰሌዳ አስቀምጠዋል፤ ጋዜጣው እንዳለው «እንኳን ደህና መጡ» ማለት መስሎዎት ነው የገዙት። መተርጎም ስለተከለከልኩ ምን እንደሚል አልናገርም። በአገሬ ምግብ ቤቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ደንበኛ እንዳይገባ በር ላይ የሚሰቅሉት ዓይነት መሆኑን ብቻ ልጠቁም። አይጨነቁ፤ ከከንቲባው ጀምሮ ሁሉም ሰው ሰተት ብሎ ይገባል። በሳንድሃቭን ውስጥ ያንን ሰሌዳ አንብቦ ከበሩ የሚመለስ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አስቀድመው መልሰውታል።